የመድኅን ደብተርና በዘር የሚወረስ ካንሰር፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች የሰማኋቸው ከወንበሬ ፊት ለፊት ነው። ጎንደር ላይ በነርስነት የካንሰር ሕሙማንን ስከታተል ዓመታት አልፈዋል። ድሮ የሚጠይቀኝ ታማሚው ነበር። አሁን አሁን ታማሚውን ደግፈው የመጡት እኅትና ልጅ በሩ ላይ ቆየት ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔንስ ይይዘኝ ይሆን? መድኅኑስ ይከፍለዋል?" ይሉኛል። ሁለቱ ጥያቄ ተያይዞ ስለሚመጣ መልሱንም ሳልነጣጥል አስቀምጫለሁ። "ደብተር" የምለው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የአባልነት ደብተርን ነው።

ካንሰር በዘር ይመጣል እንዴ?

አንዳንዱ ይመጣል፤ አብዛኛው አይመጣም። ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከወላጅ በተወረሰ የዘረመል (ጂን) ጉድለት የታመሙት ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። የቀሩት ዕድሜ፣ ሆርሞን፣ መጠጥና ውፍረት፣ አንዳንዴም ምክንያቱ የማይታወቅ ነገር ያመጣባቸው ናቸው።

ከሚወረሱት ውስጥ ስማቸው በብዛት የሚነሳው ብራካ 1 እና ብራካ 2 የተባሉት ዘረመሎች ናቸው። ሥራቸው በሴላችን ውስጥ ያለው የዘር መመሪያ፣ ዲኤንኤ፣ ሲበጠስ መጠገን ነው። ብራካ 1 እ.ኤ.አ. በ1994፣ ብራካ 2 በ1995 ተለይተው ታወቁ። ጉድለቱ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ እንደ ዘውድና ጎፈር። አራት ልጅ ካለ ሁለቱ ይወርሳሉ ማለት ግን አይደለም። አራቱም ሊወርሱት፣ አራቱም ሊድኑ ይችላሉ።

የወረሰ ሁሉ ይታመማል ማለትም አይደለም። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ብዙ ሺህ ሴቶችን በተከታተለ ጥናት፣ ጉድለቱ ካለባቸው 100 ሴቶች እስከ 80 ዓመታቸው በጡት ካንሰር የሚያዙት 70 ገደማ ሆነው ተገኝተዋል። በእንቁልጢ (ኦቫሪ፣ የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ደግሞ ብራካ 1 ካለባቸው 44፣ ብራካ 2 ካለባቸው 17 ገደማ ይያዛሉ። ቁጥሩ ከባድ ነው፤ ቢሆንም የሞት ፍርድ አይደለም።

እናቴ በማኅፀን በር ካንሰር ሞተች። እኔም እወርሰዋለሁ?

አይወርሱትም። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው። የልጃገረዶች ክትባቱ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሰጠ ነው፤ ክትባት ደግሞ ደብተር ላለውም ለሌለውም በነጻ ነው። ዕድሜዎ ከ30 እስከ 49 ከሆነ በኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ የሚደረገውን ቅድመ ምርመራ ጤና ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ፤ ደቂቃ እንጂ ሰዓት አይፈጅም።

ጉበትም እንዲሁ ነው። "ወንድሞቹ ሁሉ በጉበት አለቁ" ሲባል ሰው ዘር ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን በወሊድ ከእናት ወይም በልጅነት በቤት ውስጥ የተላለፈ የጉበት ቫይረስ ቢ ነው። ይህን ማወቅ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ምርመራው ተራ የደም ምርመራ ነው፣ ያልተያዘም ይከተባል።

የእኛ ቤተሰብ ጉዳይ በዘር የሚወረሰው ዓይነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ማሽን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ዘር መቁጠር ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ለሐኪም ሦስት ትውልድ መቁጠር አያቅተውም። የሚያቅተው በምን እንደሞቱ መናገር ነው።

አንዲት የ38 ዓመት ሴት ከደንቢያ በኩል መጣች። ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አለ። "በዘራችሁ ካንሰር የታመመ አለ?" ስላት፣ "ኧረ የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለችኝ። ጥያቄውን ቀየርኩት። "እናትሽ በምን አረፉ?" "የጡት ዕባጭ ነበረባቸው፣ ጠበል ላይ እያሉ።" "በስንት ዓመታቸው?" "እኔን ሳይድሩ፤ አርባም አልሞላቸው።" "የእናትሽ እኅትስ?" "ሆዷ ውኃ ቋጥሮ።" በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ሴቶቹን በክብ፣ ወንዶቹን በአራት ማዕዘን እየሣልኩ፣ የሞቱትን በሰረዝ እያቋረጥኩ ስሄድ እሷም አብራኝ ጎንበስ ብላ ታይ ነበር። ሦስተኛዋን ክብ ሳቋርጥ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። "ካንሰር የለም" ያለችኝ ዋሽታ አይደለም፤ ቤታቸው ውስጥ ቃሉ ተብሎ ስለማያውቅ ነው።

እንግዲህ የሚያጠራጥሩት እነዚህ ናቸው፦ በአንድ ወገን (በእናት ብቻ ወይም በአባት ብቻ) ሁለትና ከዚያ በላይ የቅርብ ዘመዶች የጡት ካንሰር፤ በየትኛውም ዕድሜ የእንቁልጢ ካንሰር፤ በሁለቱም ጡት የመጣ ካንሰር፤ የወንድ ጡት ካንሰር፤ ከ50 ዓመት በፊት የመጣ የትልቁ አንጀት ካንሰር፣ በተለይ በዚያው ቤት የማኅፀን ግድግዳ ካንሰር ካለ። የመጨረሻው ሊንች ሲንድረም ወደሚባለው፣ የአንጀትና የማኅፀን ካንሰርን ወደሚያመጣው የተወረሰ ጉድለት ያመለክታል።

በሌላው ዓለም በወጣትነት መያዝም እንደ ምልክት ይቆጠራል፤ እኛ አገር ግን በጥንቃቄ ማየት ይሻላል። ሕዝባችን ወጣት ስለሆነ የጡት ካንሰር ታማሚዎቻችንም ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ዕድሜ ብቻውን ዘርን አያሳይም። የአባት ወገን ደግሞ አይረሳ። "የጡት ነገር በእናት ነው" የሚለው ወሬ ስንቱን አዘናግቷል መሰለዎት! አባትዎ ጉድለቱን ሳይታመሙ ተሸክመው ለእርስዎ ሊያስተላልፉት ይችላሉ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ደብተሬ የዘረመል ምርመራ ይከፍልልኛል?

አይከፍልም። ምክንያቱን ልንገርዎ፤ "መብቴን ከለከሉኝ" ብለው ከመስኮቱ ሠራተኛ ጋር እንዳይጣሉ።

ደብተሩ የሚሠራው ወረዳዎ ወይም ከተማዎ ውል በገባበት ተቋም ውስጥ፣ እዚያው ለሚሰጥ አገልግሎት ነው። የብራካ ምርመራ በጎንደር የመንግሥት ጤና ተቋማት እንደ ደም ማነስ ወይም እንደ ኩላሊት ምርመራ በየዕለቱ የሚታዘዝ አይደለም። በግል የሚያሠሩ ሰዎች ናሙናቸው በአዲስ አበባ የግል ላቦራቶሪዎች በኩል ውጭ አገር ይላካል፤ ከአገር ውጭ የሚደረግ ነገር ደግሞ በመድኅን አይሸፈንም።

ሥርዓቱ የተሠራው ለሌላ ችግር ነበር። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር (ጎረቤታችን ፎገራ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት) ዓላማው ገበሬው ለወባና ለሳንባ ምች፣ ለኦፕራሲዮንና ለአልጋ ብሎ በሬውን እንዳይሸጥ ነበር። ያንን በደንብ ይሠራል። ዘረመል በሐሳቡ ውስጥ አልነበረም፤ ወደፊት ይገባ ዘንድ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

ታዲያ ደብተሩ በዚህ ጉዳይ ምን ይጠቅመኛል?

ብዙ። ሰው "የዘር ምርመራ አይከፈልም" ሲባል ሁሉም በር የተዘጋ ይመስለዋል። እኔ የምለው የተገላቢጦሹን ነው፤ የዘረመል ምርመራ የሚጠቅመው ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ክትትል ነው፣ የክትትሉ ዋና ዋና ክፍል ደግሞ ደብተሩ የሚከፍለው ነው።

በሪፈር ከሄዱ የሐኪም ምርመራው፣ የጡትና የማኅፀን አልትራሳውንድ፣ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ባለበት ማሞግራፊ፣ በመርፌ የሚወሰድ ናሙና፣ የናሙናው ምርመራ (ፓቶሎጂ) ውጤት፣ ቀዶ ሕክምና፣ አልጋ፣ በተቋሙ መድኃኒት ቤት ያለ መድኃኒት ከተቋሙ ጋር በተገባው ውል መሠረት በደብተሩ ይስተናገዳሉ። ለአንጀትም ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) በተቋሙ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ እንዲሁ።

ችግር የሚመጣው መድኃኒቱ ወይም የምርመራው ኬሚካል ሲያልቅ ነው፤ ያልቃልም። ያን ጊዜ ማዘዣውን ዝም ብለው ይዘው ወደ ውጭ አይውጡ። መድኃኒት ቤቱ "የለም" ብሎ ማህተም ያድርግበት፣ ውጭ የገዙበትን ሕጋዊ ደረሰኝ ይያዙ፣ ከዚያ ገንዘቡ የሚመለስበት አሠራር መኖሩን የወረዳዎን መድኅን ክፍል ይጠይቁ። ማህተም የሌለው ማዘዣ ይዞ የሚከራከር ሰው አሸንፎ አላየሁም።

ምንም አልታመምኩም፤ ለጥንቃቄ ብቻ ልመርመር ብልስ?

የዚህ ሁሉ ነገር ቋጠሮው እዚህ ላይ ነው። ለደመወዝተኛ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድኅን ደንብ ቁጥር 271/2005 ከሽፋን ውጭ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ፣ ከውጭ አገር ሕክምና፣ ከማስዋብ ቀዶ ሕክምና፣ ከመነጽርና ከሰው ሠራሽ ጥርስ ጎን፣ "ከሕመም ጋር ያልተያያዘ በየጊዜው የሚደረግ ምርመራ" አለበት። ሰው "ቼክአፕ" የሚለው ማለት ነው። የማኅበረሰብ አቀፉም አሠራር በዚሁ መንፈስ ስለሚሄድ "እናቴ ስለሞተች ልታይ" ያለች ጤነኛ ሴት መስኮቱ ላይ ልትመለስ ትችላለች።

በዚህ እኛ ብቻ አይደለንም። ጃፓን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 የብራካ ምርመራንና የመከላከያ ቀዶ ሕክምናን በመንግሥት መድኅኗ ውስጥ ስታስገባ ለታመሙት አደረገችው። ሳይታመም ጉድለቱ የተገኘበት ሰው ራሱ ይክፈል ተባለ። ጤነኛ ሰው ለመድኅን እንግዳ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መዋሸት አያስፈልግም። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ "ቼክአፕ ፈልጌ ነው" ብለው አይጀምሩ፤ ያለውን እውነት በሙሉ ይናገሩ። "እናቴ በ39 ዓመቷ በጡት ካንሰር ሞታለች፣ አክስቴም እንዲሁ፣ እኔ ጡቴ ላይ ጓጎል ነገር ይሰማኛል" ማለት የሕክምና ምክንያት ነው። ጓጎሉ ከሌለ ደግሞ የቤተሰብ ታሪኩ በካርድዎ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ሐኪሙ ያንን አይቶ "ከፍተኛ ተጋላጭ" ብሎ ከጻፈ ሪፈሩ የሐኪም ትእዛዝ ይሆናል። በጽሑፍ ያለ ነገር መስኮት ላይ ክብደት አለው።

በቀጥታ ሪፈራል ሆስፒታል ብሄድ ምን አለበት? ቤቴ ቅርብ ነው።

ቅርብ መሆኑ አይቆጠርም። ማራኪም ይኑሩ አይከል፣ መጀመሪያ ደብተርዎ የተመዘገበበት ጤና ጣቢያ ነው። ያለ ሪፈር ከሄዱ እንደ አሠራሩ ሙሉውን ወይም ግማሹን ከኪስዎ ይከፍላሉ። ድንገተኛ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ጊዜ ከደባርቅ ወዲያ የመጡ እናት ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ላስቲኩን በመሐረብ ቋጥረው፣ መሐረቡን በመቀነታቸው ውስጥ ይዘው መጡ። ሲፈቱት እኔም ተራ ጠባቂውም ዝም ብለን እናይ ነበር። ደብተሩ አዲስ፣ የዘመኑ ክፍያ የተከፈለበት፣ ፎቶግራፉ የተለጠፈበት። ሪፈር የለም። "ልጄ፣ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ?" አሉኝ። መልሰን ላክናቸው። በአምስተኛው ቀን ወረቀቱን ይዘው ተመለሱ፤ ያ አምስት ቀን ዛሬም ይቆጨኛል።

ሪፈሩ ለጨረር ወይም ለሌላ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ወረዳዎ እዚያ ካለው ሆስፒታል ጋር ውል እንዳለው ከመነሳትዎ በፊት ያረጋግጡ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ "ውል የለንም" መባል ክፉ ነው። የመኪናና የማደሪያ ደግሞ በማንኛውም ሁኔታ ከራስዎ ነው፤ እድር፣ ዘመድ፣ ሰንበቴ የሚታሰብበት ጊዜ ያኔ ነው።

መምህር ነኝ፤ የማኅበረሰብ አቀፉ አይመለከተኝም ተባልኩ።

እውነት ነው። የማኅበረሰብ አቀፉ ለገበሬውና በከተማ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ነው፤ ለነጋዴው፣ ለሸማኔው፣ ለጉልት ሻጯ። ለደመወዝተኛ የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድኅን ነው። አዋጅ ቁጥር 690/2002ን ተከትሎ የወጣው ደንብ ቁጥር 271/2005 ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ እንዲዋጣ ይል ነበር። አፈጻጸሙ ግን ለዓመታት ሲጓተት ቆይቷል። እርስዎን ይመለከት እንደሆነ ለማወቅ አጭሩ መንገድ የደመወዝ ወረቀትዎን ማየት ነው፤ ካልተቆረጠ መድኅኑ የለዎትም። ከመሥሪያ ቤትዎ የሰው ኃይል ክፍል ግን የሕክምና ደብዳቤ ይጠይቁ፤ በመንግሥት ተቋም ወጪዎን ሊቀንስ ይችላል።

ልጄ 19 ዓመቷ ነው። በእኔ ደብተር ትታከማለች?

አባወራው፣ እማወራዋና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ መዋጮ ይያዛሉ። 18 ከሞላ ለእሷ ተጨማሪ ይከፈላል ወይም ራሷን ችላ ትመዘገባለች። ይህን የምጽፈው የዘር ጉዳይ የሚያሳስበው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ክትትል የሚያስፈልገው ለእነዚህ ከቤት ላልወጡ ወጣት ሴቶች ስለሆነ ነው። የእድሳቱ ወራት ከመኸር በኋላ ነው፤ ቀበሌ ሲዞር ስሟን ያስገቡ። ያለፈ ደብተር በበሽታ ጊዜ አይታደስልዎትም። መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚከፍልላቸው አሠራር አለ፤ ምልመላው የሚጀምረው ከቀበሌ ነው።

እኅቴ አሜሪካ (ወይም እስራኤል) ተመርምራ "ተገኘብኝ፣ እናንተም ተመርመሩ" አለችን። የእሷ መድኅን ይከፍልልናል?

የጎንደር ሰው ሆኖ ውጭ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነውና ይህ ጥያቄ ሲመጣ አይገርመኝም። መልሱ፦ መድኅኗ የሚከፍለው ለእሷ ነው። ኦባማ ኬር የሚባለው የአሜሪካ የጤና መድኅን ሕግ የግል መድኅኖች ካንሰር በቤተሰባቸው ላለ ሴቶች የብራካ ምክርና ምርመራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድኅን ግን በዋናነት ካንሰር ለታመመ ሰው ነው። ጎንደር ለተቀመጠ ዘመድ ሁለቱም አይሻገሩም።

ይሁንና እኅትዎ ትልቅ ስጦታ ልትልክልዎት ትችላለች፤ ገንዘብ አይደለም፣ ወረቀት ነው። የላቦራቶሪ ውጤቷ የትኛው ዘረመል ላይ፣ የትኛው ቦታ ላይ ጉድለቱ እንዳለ በፊደልና በቁጥር ይጽፋል። ያንን በሙሉ ፎቶ አንስታ ትላክ፤ "ብራካ አለብኝ" የሚል የስልክ መልእክት አይበቃም። ቦታው ከታወቀ እርስዎ ሙሉ ዘረመሉን ማስነበብ የለብዎትም፤ ያችን አንድ ቦታ ብቻ ማየት ይበቃል፣ ዋጋውም ይወርዳል። አንዳንድ የአሜሪካ ላቦራቶሪዎች ጉድለት ለተገኘበት ሰው የቅርብ ዘመዶች በተወሰኑ ቀናት ውስጥ በነጻ ይመረምራሉ፤ ከኢትዮጵያ ናሙና ይቀበሉ እንደሆነ እሷ ደውላ ትጠይቅ።

የእስራኤሉ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚያ ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ የአሽከናዚ (ከአውሮፓ የመጡ አይሁዶች) የዘር ሐረግ ያላቸው ሴቶች ሳይታመሙም ቁፓት ሖሊም በሚባሉት የአገሪቱ የጤና መድኅን ድርጅቶች በኩል በነጻ ይመረመራሉ፤ ከ40 አሽከናዚዎች አንዱ ጉድለቱ ስላለበት ነው። በእነሱ ዘንድ በብዛት የሚገኙት ሦስት የታወቁ ጉድለቶች ናቸው። ምርመራው እነዚያን ሦስት ብቻ የሚፈልግ ከሆነ፣ ከጎንደር ወይም ከወገራ ለሄደች ቤተ እስራኤላዊት "የለም" የሚለው ውጤት ምንም አይነግራትም። በማያውቁት ሰፈር ሦስት በር አንኳኩቶ "አገር የለም" እንደማለት ነው። "ሙሉ ዘረመሉ ተነቧል ወይስ ሦስቱ ብቻ?" ብላ ትጠይቅ። አንድ ወጣት ከእስራኤሏ ነታንያ ከተማ የተላከ የድምፅ መልእክት አሰማኝ፤ እኅቱ በደስታ "ነጻ ነን!" ትላለች። ወረቀቱን ስናይ ሦስቱን ብቻ ነበር። መልሰን ስንደውልላት ደስታዋን መንጠቅ ከበደኝ።

በራሴ ገንዘብ ላሠራው ቆርጫለሁ። ምን ልወቅ?

ቅደም ተከተሉን። በቤተሰቡ ውስጥ ካንሰር የታመመች፣ በሕይወት ያለች ሰው ካለች መጀመሪያ እሷ ትመርመር። እርስዎ ጤነኛዋ ተመርምረው "የለም" ቢባሉ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ያለው ጉድለት ሳይወርሱት ቀርተው ይሁን ወይስ ጭራሹን ሌላ ምክንያት ይሁን አይታወቅም። ለእሷ ከተገኘ ግን የእርስዎ "የለም" እውነተኛ "የለም" ይሆናል። አንድ ብር ብቻ ካለ ለታመመችው ይውጣ፤ ይህ የእኔ ጽኑ አቋም ነው።

ሌላው፣ "ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ" የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። ዘረመልዎ ላይ ልዩነት ታየ፣ ጉዳት ያለው መሆኑ ግን አልታወቀም ማለት ነው። ማነጻጸሪያው መዝገብ በአብዛኛው ከአውሮፓ ዘር ሰዎች የተሰበሰበ ስለሆነ ለአፍሪካዊ ይህ ውጤት ይበዛል። በዚህ ወረቀት ተነሥቶ ጡት ወይም እንቁልጢ ማስወጣት ስሕተት ነው። ወረቀቱን ያስቀምጡት፤ ከዓመታት በኋላ ትርጉሙ ሊታወቅ ይችላል።

ከተገኘብኝስ? እንደ አንጀሊና ጆሊ ጡቴን ላስወጣ?

እሷ ብራካ 1 ተገኝቶባት ሁለቱንም ጡቶቿን ማስወጣቷን እ.ኤ.አ. በ2013 ራሷ ጽፋ ነገረች። አንዱ ምርጫ ነው፤ የጡት ካንሰርን ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ሌላው መንገድ የቅርብ ክትትል ነው፤ በሌላው ዓለም ከ25 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ኤምአርአይ፣ ከ30 ጀምሮ ማሞግራፊ ይጨመራል። ለጤነኛ ሴት በየዓመቱ የጡት ኤምአርአይ በደብተር ማግኘት እኛ ዘንድ የሚታሰብ አይደለም። የሚቻለው ሐኪም በእጁ የሚያደርገው ምርመራ፣ አልትራሳውንድና ማሞግራፊ ነው፤ ከምንም እጅግ ይሻላል።

ከጡቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እንቁልጢው ነው። አስተማማኝ ቅድመ ምርመራ የለውም፤ ሆድ ተነፍቶ ሲመጣ ረፍዷል። ስለዚህ ብራካ 1 ያለባት ሴት ልጅ ወልዳ ከጨረሰች በኋላ፣ ከ35 እስከ 40 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ብራካ 2 ያለባት ደግሞ ከ40 እስከ 45፣ እንቁልጢንና ቱቦውን ማስወጣት ይመከራል። ቀዶ ሕክምናው ራሱ የማኅፀን ሐኪም ዘወትር የሚሠራው ነው፤ ደብተሩ ይሸፍነው አይሸፍነው ግን ሐኪሙ በሚጽፈው ምክንያት ይወሰናል። ከዚያ በኋላ የወር አበባ ድንገት ይቆማል፣ ሙቀት ይመጣል፣ አጥንት ይሳሳል። ባልና ሚስት አብረው መስማት አለባቸው፤ ሴቲቱ ብቻዋን ሰምታ ቤት ገብታ ለማስረዳት ስትቸገር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ወንድ ነኝ፤ ምን አገባኝ?

ያገባዎታል። ብራካ 2 ያለበት ወንድ ለፕሮስቴት፣ ከጣፊያ አጠገብ ለምትገኘው ለቆሽት፣ ለራሱም ለጡት ካንሰር የተጋለጠ ነው። ለልጆችዎም፣ ለሴቷም ለወንዱም፣ ሊያስተላልፉት ይችላሉ።

ሕፃናትን እናስመርምር?

ለብራካ አይደለም፤ 18 ሞልቷቸው ራሳቸው ይወስኑ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሕፃኑን ፎቶ ሲያነሡት አንዱ የዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ዓይን ነጭ ብሎ ካበራ ቀን ሳይጨምሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሬቲኖብላስቶማ የሚባል የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ከታማሚዎቹ 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የዘረመል ጉድለቱን በሰውነታቸው ሁሉ ይዘው የተወለዱ ናቸው። ወንድምና እኅቶቹም መታየት አለባቸው። ሕፃኑ በደብተርዎ ይታከማል።

ውጤቴን ሌላ ሰው ቢያውቅ ልጆቼ ባል ያጣሉ።

ይህን የሚሉኝን አልነቅፍም። "በዘራቸው አለ" መባል በእኛ አገር ቀላል አይደለም። ውጤቱ የእርስዎ ነው፤ ሐኪም ያለ ፈቃድዎ ለማንም አይናገርም። ግን ለእኅቶችዎ ለመንገር ያስቡበት። ደንቢያዋ ሴት መጀመሪያ "ለማንም እንዳትነግሪ" አለችኝ። ከሁለተኛው ኬሞ በኋላ ሁለት እኅቶቿን ይዛ መጣች፤ ታናሺቱ ያን ማዘዣ ወረቀት፣ ክቦቹ የተሣሉበትን፣ አራት ቦታ አጥፋ በደብተሯ ውስጥ ይዛው ነበር።

ነገ ጠዋት ምን ይዤ ልሂድ?

የታደሰውን የመድኅን ደብተር፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ከዚህ በፊት የተሠራ ማንኛውም የፓቶሎጂ ወይም የአልትራሳውንድ ወረቀት (የሟች እናትዎም ቢሆን)፣ ከውጭ የተላከ ውጤት ካለ በስልክዎ። ዛሬ ማታ ደግሞ በቤተሰቡ ውስጥ ዕድሜ የጠገቡትን እማማ ቡና አፍልተው ያስቀምጡና ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ የት ቦታ ታሞ እንደሞተ ይጠይቋቸው። ይጻፉት። ጤና ጣቢያው የሚከፈተው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ሰልፉ ከዚያ በፊት ይጀምራል።